ሁለት ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ልጅ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉንፋኑ ለቀቀዎት? ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ጽሑፍ ነውና እጄ ቢያስጠላም፣ ፊደል ብገድፍም ይለፉኝ።

እርስዎ ባስገቡኝ የውጭ አገር ሰዎች የባህል ማዕከል ደህና ነኝ። ወለል እወለውላለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ። አገራቸው ጦርነት ላይ ነው፤ ግን ጦርነቱ የእነሱ፣ ዘፈኑና ፊልሙ የእኛ። በጦርነቱ ያልገባ አገር ወዳጅ ይበዛዋል መቼም...

አሁን ደግሞ የፎቶ ኤግዚቢሽን ከፍተዋል። ፎቶ አንሺውን ያውቁት እንደሆነ እንጃ... ብቻ እጁ የተባረከ ነው! ባለፈው ወር ጓሮ አቁሞኝ ፊቴን ጥላሸት ቀባባኝና «እንዳትስቂ፣ የኔ ቆንጆ» አለኝ። ይኸው «በጠላት ቦምብ ቤተሰቧን ያጣች» ተብዬ ተሰቅያለሁ። እናቴ እኮ በሰላም የጎረቤት ልብስ እያጠበች ነው! ከመንገዱ ማዶ፣ በጠላቶቻቸው ማዕከልም ያው ፎቶ አለ። እዚያ እንደተጻፈው ቤቴን ያፈረሱት እነዚህ የኔ አሠሪዎች ናቸው። አያዳላም እኮ! ከዚህ በላይ ገለልተኛ ከየት ይገኛል? እኛ ግን የኪራይ ቤት ነው ያለን፤ ማን እንዳፈረሰው አከራያችንን ይጠይቁ።

ሚስቱስ ምንኛ ታድላለች! የሸሚዙን እጅጌ ስታጥብ «ይሄ ጥላሸት ከየት መጣ?» ብላው ታውቅ ይሆን? አይ፣ ጨዋ ሴት እንዲህ አትጠይቅም...

ከጦርነቱ የሸሸች አንዲት ሴት በየጠዋቱ ትመጣለች። ልጇ ባቡር ጣቢያ ግርግር ውስጥ ጠፍታባታለች። ፎቶዬ ፊት ቆማ መስታወቱን እየዳበሰች «እሷ ናት» ትላለች። ከሥሩ የሷ ከተማ ስም ተጽፎበታላ! ስለዚህ አርብ ወደዚያው፣ ቦምብ ወደሚዘንብበት ልትመለስ ነው። ደስ አይልም? ስንቱ ፎቶ አንሺ ነው ለእናት እንዲህ ተስፋ የሚሰጥ?

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርዎ። ትናንት እጄን ያዘችና «ይህችን ልጅ አይተሻት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ሻርፔን ወደ ፊቴ ሳብኩና «አላውቃትም» አልኳት። ሥራዬን ፈርቼ ነው።

ሰውዬውን ድንገት እራት ላይ ካገኙት፣ ፎቶው ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ለሴትየዋ እንዲነግራት... አርብ ከነገ ወዲያ ነው።

እግዜር ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ እትዬ። አንድ ቀን ከእጅዎ ቢጠፉ እንኳ፣ የት እንዳሉ የሚነግርዎ እንደሱ ያለ ፎቶ አንሺ አያሳጣዎ።