የአውሮፕላኑን እግር የሰበረችው ልጅ

ደባርቅ ከሚኒባስ የወረድኩት በረዶ የቀላቀለ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ነበር። ወጣትነቴን ሙሉ ያስተማርኩበት ከተማ ነውና ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበት መስሎኝ ነበር። የማውቃቸው ቤቶች ግን ፎቅ ሆነው፣ የማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አርፈው ጠበቁኝ። ከአንድ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠልዬ ስንቀጠቀጥ በሩ ተከፈተ።

"አንቱ መምህር አለምነህ አይደሉም እንዴ? ቤት እንደሌለው ሰው ምን ያስቆምዎታል? ይግቡ እንጂ!"

አያ ውዱ ነበሩ። በዚያ ደግ ዘመን እኔንና ሌላውን እንግዳ ሁሉ በበቅሎ የስሜን ተራሮች ላይ ወዳሉት ጊችና ጨነቅ ያመላልሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል እንጂ ድምፃቸው ዛሬም ገደል ማዶ ይሰማል። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ስንገጫጭ ቆየን፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ቤቱ ውስጥ ግን ኩርፊያ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የምትማረው ትንሿ ልጃቸው ጽጌሬዳ ለክረምቱ ዕረፍት መጥታለች። ተነሥታ ሳመችኝና ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ምን ሆናለች?" አልኩ።

"ላፕቶፕ የምትለውን ሳጥን ውስጥ ቆልፌባት ነው" አሉ አያ ውዱ፣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ቁልፍ እየዳበሱ። "ስታሟርት አገኘኋት!"

"አላሟረትኩም አባባ። መምህር፣ እባክዎ ይስሙኝ። የትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በኮምፒዩተር እየሠራሁ ነው። ጎማው፣ ምሰሶው፣ መሬት ሲነካ እንደ መኪና አሞርዛተር ገባ ወጣ የሚለው ብረት፣ ሁሉም በየጎኑ እየዞረ ልክ እንደ እውነተኛው ይታያል። ዛሬ ሳይመሽ ከላክሁት አውሮፕላን ጠጋኞች ዘንድ ለሥልጠና እወዳደራለሁ። ካልላክሁት ልፋቴን ውኃ በላው።"

"ሥዕሉንስ ይሁን ብዬ ነበር" አሉ አባቷ። "ነገር ግን መምህር፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ! አውሮፕላኑን ከላይ ትጥለዋለች፤ እግሩ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እሷ ታጨበጭባለች። ታላቋ ልጄ ሐመልማል እኮ በጳጉሜ ከአረብ አገር በአውሮፕላን ልትመጣ ነው። ከሄደች ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። እህቷ እዚህ ቁጭ ብላ የአውሮፕላን እግር ስትሰብር ዝም ልበል?"

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዓይናቸው ውኃ ማቅረሩን ሳይ ግን ዋጥኩት። ሽማግሌው የፈሩት ለልጃቸው ነው። እኔም ምክር ሳልጠየቅ ለመስጠት የምቸኩል ሰው ነኝና በመምህርነት ድምፄ ጀመርኩ።

"አያ ውዱ፣ ሥዕልና እውነት ለየቅል ናቸው። ሳይንስ እንደሚያስረዳን..."

"ተዉኝ እባክዎ! ያኔም እንዲህ ነበሩ። ገደል አፋፍ ላይ ሆነን ስለ ደመና ያስተምሩኝ ነበር፤ እኔ የማየው የበቅሎዋን ኮቴ!"

ሳቅን። ጽጌሬዳም ሳትወድ ፈገግ አለች። እኔን ግን ንግግራቸው ድሮ ወደ ጊች ወደወጣንበት ማለዳ ወሰደኝ። የገብሱ ማሳ፣ ሣር የሚነጩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ የዚያ ንጋት ብርድ ሳይቀር ናፈቀኝ።

"ያች አዲስ የተገራች ጥቁር በቅሎ ትዝ ትልዎታለች?" አልኳቸው። "ልቀመጥባት ስል ከለከሉኝ። ሁለት ጆንያ ድንጋይ ጫኑባትና የከፋውን ቁልቁለት አስወረዷት። መሐል ላይ እግሯ ተብረከረከ፤ ጆንያው ተንከባሎ ገደል ገባ። 'አዩ መምህር፣ ይኸኔ እርስዎ ነበሩ' አሉኝ።"

"እንዴት ይረሳኛል! አዲስ በቅሎ ድንጋይ ሳላሸክም ሰው ጭኜ አላውቅም።"

ይህን ያነሣሁት ናፍቆት ይዞኝ እንጂ ለክርክር ብዬ አልነበረም። ጽጌሬዳ ግን ከግድግዳው ዘወር አለች።

"አባባ፣ ያን ዕለት በመምህር ላይ አሟርተው ነበር?"

"ምን ነካሽ! ሰው እንዳይወድቅ ብዬ ነው እንጂ።"

"እኔም የምጭነው ድንጋይ ነው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሰው የለም።"

አያ ውዱ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

"ድንጋዩ ገደል ሲገባ እኔ አላጨበጨብኩም" አሉ። "አንቺ ግን አጨበጨብሽ።"

ልጅቷ ወደ አባቷ ጠጋ አለች። "የሚሰበርበትን ቦታ ስላገኘሁት ነው፣ አባባ። ክረምቱን ሙሉ ስፈልገው ነበር። ይህ ሳይታወቅ ተሠርቶ፣ የአንድ አባት ሐመልማል ውስጡ ተቀምጣ ቢሰበርስ? ያን ጊዜ ማን ያገኘዋል?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አያ ውዱ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡ።

"እናትሽ" አሉ፣ "ጡቷ ላይ እብጠት ሲወጣ ሐኪም ይይሽ ብላት 'አታሟርትብኝ' አለችኝ። እኔም አፌን ያዝኩ። ስሙን ካልጠራነው የማይመጣ መስሎን ነበር። ሐኪም ቤት ስንደርስ የማይሆንበት ሰዓት ሆኖ ነበር።"

ይህን ብለው ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ሰጧት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ የአያ ውዱ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚኒባሱ ፍሬን ሲንሿሿ ቢናገሩ "ክፉ አትናገር" የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ድልድይ ተሰነጠቀ ያለውን ሰው አፉን እናስይዘዋለን፤ ደም መመርመር እንፈራለን። ክፉ ነገር ግን ስሙ ስላልተጠራ መንገዱን አይስትም። የነገሩን ደካማ ጎን አስቀድሞ የፈተነ ሰው መላ ያበጅለታል፣ ልጆቹንም ከነሕይወታቸው ይቀበላል። ይህን ዕውቀት ዛሬ ከደባርቅ ሳይወጡ፣ ብረት ሳያባክኑ፣ ሰው ሳይጎዱ መሥራት መቻሉ ደግሞ እኔን ያስቀናኛል፤ በእኛ ጊዜ የነበረን ጠመኔ ብቻ ነበር።

ጽጌሬዳ ላፕቶፑን ከፍታ የተሰበረውን ቦታ ስታስተካክል ቆየች። አያ ውዱ መነጽራቸውን አጥልቀው አጠገቧ ተቀመጡ። አውሮፕላኑ ወረደ፤ እግሩ እጥፍ አለና ቀና ብሎ ቆመ።

"ቻለ?"

"ቻለ። የተሰበረበትን ቦታ አወፈርኩት።"

"ባዶውን ነው የጣልሽው?"

"የሚገባውን ያህል ጭኜበታለሁ።"

"ሐመልማልን አታውቂያትም? ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስጦታ ይዛ ነው የምትመጣ። ጨምሪበት!"

እየሳቀች ጨመረች። እግሩ ቀጭ አለ። ደንግጣ አባቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ግን ወደ ስክሪኑ አንገታቸውን አሰገጉ።

"የቱ ጋ ነው? አሳይኝ።"

አሳየቻቸው። "አሁን ወሰኑን አወቅን፣ አባባ። ከዚህ በላይ አይጫንም ተብሎ ይጻፍበታል። የሚያበርረውም ሰው ያውቀዋል።"

"ጻፊው" አሉ። "ጉልህ አድርገሽ ጻፊው።"

ጻፈች። በስልኳ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ፣ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን እያየን፣ ሳይመሽ ላከችው።

ከዚያ ከአባቷ ፊት ዝቅ አለች። አያ ውዱ እጃቸውን ከራሷ ላይ አሳረፉ። ቃሉን እየመረጡ መረቋት።

"በአንቺ እጅ ሺህ ጊዜ ይሰበር፣ ልጄ" አሉ። "በሰው ላይ ግን አንድ ጊዜም አይሰበር።"

"አሜን" አልን።