የሙሽራ አጀብ አይቆረጥም

ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ሰሞን፣ ነቀምቴ መናኸሪያ በር ላይ ጎረቤቴን ኦቦ ሞረዳን አገኘኋቸው። አብራቸው ነርሷ የእህታቸው ልጅ ናኦሚ ነበረች። «አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላም ብላቸው እንደወትሮው ፊታቸው አልፈካም።

«ባርሲሳ፣ አንተን እግዜር ነው ያመጣልኝ» አሉ፤ መምህር ስለሆንኩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። «ለሽምግልና እፈልግሃለሁ። ፖሊስ ከሶኛል።»

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። የልጃቸውን ሙሽራ ከጉቴ ይዘው ሲመለሱ አምቡላንስ ከኋላ እየጮኸ መጣ። ትራፊክ ፖሊሷ ሰሚራ አጀቡ ጥግ እንዲይዝ ብታዝ፣ ኦቦ ሞረዳ ከመኪና ወርደው ገፈተሯት። አጀቡም መንገዱን ሞልቶ ነቀምቴ ገባ።

«ምን አጠፋሁ? የሙሽራ አጀብ በሌላ መኪና ከተቆረጠ ትዳሩም ይቆረጣል። የአባቶቻችን ቃል ነው።»

«አባቶቻችን ሙሽራ የሚያመጡት በፈረስ ነበር፣ ኦቦ።»

«አጀብ አጀብ ነው። ደግሞስ ልጄ የምታህል ሴት በሕዝብ ፊት ታዘኛለች? ሽማግሌ ይላክ፣ ይቅር ትበለኝ፣ አለቀ።»

ግትርነታቸው አናደደኝ። «የገፉት ሰሚራን ብቻ ቢሆን ሽምግልናው ባልከፋ» አልኳቸው። «ሕጉ ግን ለፖሊስ ክብር ብቻ የወጣ አይደለም። መንገድ የምታስከፍተው ከኋላ ላለው ሰው ነው። እሷን የገፋ ያንን ሰው ገፋ።»

«ከኋላ ያለውን ማን አየው? ስንቱ ሾፌር ባዶ መኪና እያስጮኸ ይሮጣል።»

ናኦሚ ቀና አለች።

«ባዶ አልነበረም፣ ኤሱማ። እኔ ውስጡ ነበርኩ።»

አጎቷ ዞረው አዩዋት።

«ከጊዳ አያና ተፈናቅላ ጉቴ ዘመድ ቤት የተጠጋች፣ ሩክያ የምትባል ሴት ይዘን ነበር። ምጥ ጠንቶባት እጄን ይዛ "ሰርግ ነው እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "አላህ ያድምቅላቸው" ብላ መረቀች። እሷ ተርፋለች። ልጇ ግን ሆስፒታል ስንደርስ ሞቶ ነበር።»

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«የደስታዎ ሰሞን ነው ብዬ።»

ኦቦ ሞረዳ ከዘራቸውን ተደገፉ። አሳዘኑኝ።

«እንግዲህ ሽምግልናው ይቅር» አሉ። «ፍርድ ቤት ቀርቤ፣ ሰሚራን ገፍቻታለሁ ብዬ አምናለሁ። ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሩክያ ነው፤ እኔም እሄዳለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ፤ ቅጣታቸውንም ተቀበሉ።

በዚያው ሰሞን የሌላው ጎረቤታችን የጋሮማ ልጅ ሲዳር ኦቦ ሞረዳ ፊተኛው መኪና ውስጥ፣ እኔም አጠገባቸው ነበርን። የአምቡላንስ ጩኸት እንደተሰማ ሾፌሩን «ጥግ ያዝ» አሉትና ወርደው በከዘራቸው አጀቡን ሁሉ ዳር አስያዙ። አምቡላንሱ አልፎን ሄደ። ከሚዜዎቹ አንዱ «ትዳሩን አስቆረጡት» ብሎ አጉረመረመ።

«የሰው ልጅ ሞቶበት የሚጸና ትዳር እኔ አልመርቅም» አሉት።

ጥቂት ዘግይተን ሙሽሮቹን በሰላም አስገባን። መንገድ መልቀቅ የሚያስከፍለው ይህንን ብቻ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ነፍስ ነው። ኦቦ ሞረዳ ግን አምቡላንሱ ሲያልፈን ቶሎ ወደ መኪናው አልተመለሱም ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አምቡላንሱ ከዓይናቸው እስኪጠፋ «አላህ ያድርስሽ፣ ልጄ» እያሉ አስፋልቱ ዳር ቆመው ነበር።