የጥቁር ሰሌዳ ፕሮግራም

(የቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ተማሪዎች ኮርስ መርጠው የሚመዘገቡበት የመጨረሻ ቀን፤ የኮሌጅ መምህሩ ገረመው ድሮ ባስተማራት፣ አሁን በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርስ አማካሪ በሆነችው በዶክተር የትናየት ቢሮ ተቀምጧል።)

ገረመው፦ ሌላውን ሁሉ እንዳልሽው ጻፊው። ዳታቤዙንም፣ ኔትወርኩንም፣ ያንን የፕሮጀክት አመራር የምትሉትንም። ይቺን አንዷን ብቻ ሰርዢልኝ።

የትናየት፦ መምህር፣ አንዷ የሚሏት እኮ ለሁሉም መግቢያ ናት። እሷን ካልወሰዱ ሌሎቹን ልመዝግብዎት ብልም ሲስተሙ አይቀበለኝም።

ገረመው፦ ከኮርሱ ነፃ ነው ብለሽ ስትፈርሚ ይቀበላል። ጠይቄ ነው የመጣሁት፤ ሬጅስትራር ያለችው ልጅ ነግራኛለች።

የትናየት፦ በሱስ ልክ ናት።

ገረመው፦ እኔ መግቢያ ፕሮግራሚንግ ልማር? ጸጉሬ የሸበተው እሱኑ ሳስተምር አይደለም እንዴ? ዲግሪህ የሒሳብ ነው ብላችሁ ከጀማሪ ጋር ታስቀምጡኛላችሁ። አንቺንስ ያስተማረሽ ማነው?

የትናየት፦ እርስዎ ነዎት። የትም ስጠየቅ የርስዎን ስም ነው የምጠራው።

ገረመው፦ እንግዲያው ፈርሚ።

የትናየት፦ አልፈርምም መምህር።

ገረመው፦ ጭራሽ። ዶክተር ከተባልሽ ወዲህ እጅሽ ከበደ ማለት ነው።

የትናየት፦ እንደሱ አይበሉኝ። ሻይ ላስመጣልዎት?

ገረመው፦ ሻይ ፍለጋ አልመጣሁም። ስሚኝ የኔ ልጅ፤ ማስተርስ ያልያዘ ከእንግዲህ ክፍል አይገባም ብለውናል። እኔን የት ሊመድቡኝ እንዳሰቡ ታውቂያለሽ? ንብረት ክፍል። ወንበርና ጠረጴዛ እያስፈረምኩ ጡረታዬን ልጠብቅ ነው።

የትናየት፦ ሰምቻለሁ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ገረመው፦ ማዘኑን ተይውና ፈርሚልኝ። ካልሆነ ወደ መጨረሻው ሴሚስተር አሻግሪልኝ፤ ሌላውን ጨርሼ እደርስበታለሁ።

የትናየት፦ ሁለቱም አይሆንም። ነፃ ነው ብዬ ብፈርም ቅዳሜ ጠዋት ዳታቤዝ ይገባሉ። አስተማሪው ደግሞ ተማሪውን አንድ በአንድ እያስነሣ ፕሮጀክተር ላይ ነው የሚያሠራው። ሰው ሁሉ እያየ።

ገረመው፦ ያስነሣኛ። እሠራለሁ።

የትናየት፦ በምን?

ገረመው፦ በምን ማለት ምን ማለት ነው?

የትናየት፦ እዚያ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ የለም ማለቴ ነው።

ገረመው፦ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂብኝ። ያለሽን በቀጥታ ተናገሪ።

የትናየት፦ እኛ ፕሮግራም የተማርነው በወረቀት ነው። ኮሌጁ ኮምፒውተር አልነበረውም። እርስዎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን። ፈተናውም በወረቀት ነው፤ አንዲት ነጥብ ብትጎድል በቀይ ያከቡብናል።

ገረመው፦ እና? በወረቀት ተምረሽ ይኸው ዶክተር ሆነሻል። ምን ጎደለሽ?

የትናየት፦ እኔ ምንም አልጎደለኝም። በኋላ ኮምፒውተሮቹ ሲገቡ ግን የኮምፒውተር ክፍሉን፣ ላቡን፣ ለቴክኒሻኑ ለቀቁለት። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «በርቱ» ይሉንና ይሄዳሉ።

ገረመው፦ የክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ስብሰባው መች ያስቀምጠኝ ነበር?

የትናየት፦ ልክ ነው መምህር።

ገረመው፦ እንደ ሕፃን ልጅ አታባብይኝ።

የትናየት፦ እሺ፣ ልጠይቅዎት። አንድም ቀን ኮምፒውተር ላይ ጽፈው፣ ሲሠራ አይተው ያውቃሉ?

ገረመው፦ ማን ነገረሽ?

የትናየት፦ ማንም አልነገረኝም። ያኔም እናውቅ ነበር።

ገረመው፦ እነማን?

የትናየት፦ ክፍሉ በሙሉ።

ገረመው፦ ያ ሁሉ ሰው እያወቀ ነው እንግዲህ እዚያ ፊት ስንጎራደድ የኖርኩት።

የትናየት፦ እንወድዎት ነበር መምህር። እንዲያፍሩ የፈለገ አልነበረም።

ገረመው፦ እስቲ መስኮቱን ክፈቺው፤ ሞቀኝ።

የትናየት፦ ክፍት ነው።

ገረመው፦ ፈርቼ ነው የትናየት። መጀመሪያ ማሽኑ የለም፤ ሲመጣ ደግሞ ተማሪው ቀድሞኝ ለመደው። አንዲት ፊደል ፍለጋ ጣቴን ሳንከራትት ይዩኝ? ዘንድሮ እለምዳለሁ፣ ለከርሞ እለምዳለሁ ስል ዕድሜዬ ሄደ። አሁን በስተርጅና ከልጆች መሐል ልትወሽቂኝ ነው። የተመዘገቡትን አይቻቸዋለሁ፤ እኔው ራሴ ኤፍ የሰጠሁት ልጅ ሳይቀር አለበት። አጠገቤ ተቀምጦ ይስቅብኛል።

የትናየት፦ ከሳቀ አስወጣዋለሁ።

ገረመው፦ አንቺ ምን አግብቶሽ?

የትናየት፦ ኮርሱን የማስተምረው እኔ ነኛ።

ገረመው፦ ይኼ ብቻ ነበር የቀረኝ። አምጪ ወረቀቴን። ንብረት ክፍሉ ይሻለኛል፤ ወንበር ቢያንስ አይታዘብም።

የትናየት፦ ይቀመጡ እባክዎ።

ገረመው፦ ልሂድበት ብዬሻለሁ።

የትናየት፦ በምን እንደማስተምር እንኳ አይጠይቁኝም?

ገረመው፦ በምንስ ብታስተምሪ ለኔ ምን ይፈይድልኛል?

የትናየት፦ በርስዎ ሃንዳውት ነው የምጀምረው። ያ በእጅዎ የጻፉት፣ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘው። የተማሪ ውጤት ደምሮ አማካዩን የሚያወጣው ፕሮግራም ትዝ ይልዎታል?

ገረመው፦ እንዴት አይለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ያልጻፍኩበት ዓመት የለም።

የትናየት፦ የመጀመሪያው ቀን ላብ ላይ ተማሪዎቼን የማሠራው እሱን ነው።

ገረመው፦ እዚህ? ማሽን ላይ?

የትናየት፦ አዎ፣ ማሽን ላይ።

ገረመው፦ የትናየት።

የትናየት፦ አቤት መምህር።

ገረመው፦ ይሠራል?

የትናየት፦ መሥራቱንስ ይሠራል። የሚያወጣው መልስ ግን ልክ አይደለም። አንድ ተማሪ ሳይቆጥር ያልፋል።

ገረመው፦ የትኛውን?

የትናየት፦ የመጨረሻውን።

ገረመው፦ ይኼንን ሁሉ ዓመት? እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ የጻፍኩት?

የትናየት፦ ስህተቷ ትንሽ ናት፤ በዓይን አትያዝም። ወረቀት ላይ ሆኖ ማንም አያያትም፤ እኔም ያገኘኋት እዚህ መጥቼ ማሽን ላይ ስጽፈው ነው። ለዚህ ብዬ ነው የመረጥኩት። ልጆቹ ስህተት ማደን የሚጀምሩት በሷ ነው።

ገረመው፦ ያገኟታል?

የትናየት፦ አንዳንዱ ያገኛታል። አንዳንዱ ይሰለቸውና ንገሪን ይለኛል።

ገረመው፦ እና ትነግሪያቸዋለሽ?

የትናየት፦ ሲጨንቃቸው እነግራቸዋለሁ። ይኸው ላሳይዎት፣ ሃንዳውቱ እዚሁ አለ። መደመር የሚጀምርበት መስመር ላይ እኮ...

ገረመው፦ ተይ፣ እንዳትነግሪኝ። ክደኚው። ላቡ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?