ዝም ያለው ሬዲዮ

በደርግ ጊዜ ነው። ከወንጂ ወደ ናዝሬት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ የተበላሸ ሬዲዮና ቴስተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መፈተሻ ታቅፈው ከሚስታቸው ጋር ይከራከራሉ።

«ሁሉንም ሽቦ በቴስተር ነካክቻለሁ። የቴስተሩ መርፌ አንዴም ንቅንቅ አላለም። ሬዲዮው ሞቷል።»

«ቴስተሩ ራሱስ ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል ብለሽ!»

«እስቲ ሁለቱን ጫፎቹን እርስ በርስ አነካካቸው።»

ሽማግሌው ጫፎቹን አነካኩ፤ መርፌው አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

«አይ አንቺ! የተበጠሰው ለካ የቴስተሩ ገመድ ነው። አዲስ ገመድ ገዝቼ የሬዲዮውን ብልሽት እፈልግና ዛሬውኑ አስነሳዋለሁ።»

«ምን አስቸኮለህ?»

«ዜናው ናፍቆኛላ።»

«እኔ ደግሞ ጨዋታህ ሊቀርብኝ ነው። ሬዲዮው ዝም ካለ ወዲህ እኮ ታጫውተኛለህ።»

«ድሮስ አላጫውትሽም ነበር?»

«ድሮማ ‹ዜናው እስኪያልቅ ዝም በይ› ነበር የምትለኝ።»

«በይ እሺ፣ አሁን ምን ላጫውትሽ?»

እኔም ናዝሬት የሄድኩት ለሬዲዮዬ ባትሪ ልገዛ ነበር፤ ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።