ከበረዶ የተነሡት ሴሎች

ወዳጆቼ፣ ሱ-ሜይን በጡረታ በምንሸኝበት በዚህ ግብዣ፣ የዓሣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ሱ-ሜይ፣ ቤተ ሙከራችን የገባሽ ዕለት ምን እንዳደረግሽ ልናገር? የሴል ማሞቂያው እንዳይበላሽብን ብለን እንደ ክታብ ከላዩ ያስቀመጥነውን አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ቁርስ መስሎሽ ጥርግ አድርገሽ በላሽው! ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ቀጥ አለ። «እኔ ሳይንቲስት ነኝ፣ በዚህ አላምንም» አልሽ። በማግስቱ ግን ሁለት ከረጢት ይዘሽ መጣሽ።

ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሴሎቹን «እንዴት አደራችሁ?» ትያለሽ፤ እኛን ከምሳ በኋላ።

ወይዘሮ ኬ የመጣች ቀን ግን አይረሳኝም። አባቷ ኦይስተር የሚባለውን የሚበላ የባሕር ዛጎል የሚያረቡ ሰው ነበሩ፤ በጉበት ካንሰር ሞቱ። በሕይወት ሳሉ ፈቅደው ከዕጢያቸው የወሰድናቸው ሴሎች እዚህ ለዓመታት ሲባዙ ኖረዋል። ልጅቷ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ፣ «ይሄ አባቴ ነው?» አለች።

አንቺ ወንበር ስበሽ አጠገቧ ተቀመጥሽ።

«እህቴ፣ ከአባትሽ የመጣውስ ካንሰሩ ነው። እሱም ቢሆን እኛ ሴል የምናሳድግበት ሳህን ላይ ብዙ ኖሮ ተለውጧል። ፈጣኖቹ ዝግተኞቹን አጥፍተው፣ ውስጣቸውም ሌላ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹ እንደተወሰዱ በረዶ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቀልጠው በሕይወት ከተነሡልኝ አሳይሻለሁ።»

ተነሡ! ጎን ለጎን አየናቸው። የድሮዎቹ ተቃቅፈው ቀስ እያሉ ያድጋሉ፤ የኛዎቹ ሳህኑን ወረውታል። የአንድ ሰው ዕጢ ናቸው ብሎ ማን ያምናል?

«አባቴን የገደሉት እነዚህ ዝግተኞቹ ናቸው?»

«እንደነሱ ያሉት ናቸው።»

«እንግዲያው ዶክተር፣ እነዚህን የሚያሸንፍ ነገር ይፈልጉልኝ።»

ያኔ ነው የደከምንበትን መድኃኒት በሁለቱም ላይ የሞከርሽው። የኛዎቹን ፈጀ። የድሮዎቹን አልነካቸውም።

አለቃችን ፊታቸው ጠቁሮ፣ «ዶክተር፣ በሽተኞች ላይ ልንሞክረው ስንል ያን ሁሉ ድካም እንጣለው?» አሉ።

«ጌታዬ፣ የሚታመመው ሳህኑ አይደለም» አልሽ።

ጣልነው። እንደ አዲስ ጀመርን። የምንፈልገውን ገና አላገኘንም፤ ግን በማይሠራ መድኃኒት ማንንም በሽተኛ ተስፋ አላስቆረጥንም። ስለዚህ ሱ-ሜይ፣ ስማቸውን በማናውቃቸው ሰዎች ስም አመሰግንሻለሁ። እኔንም በየቀኑ የማየውን ነገር እንደ አዲስ እንድመለከት አድርገሽኛል።

አታልቅሺ እንጂ! በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ዩጂንግ ወረዳ ሄደሽ የተከልሽው ማንጎ ያፍራልሽ፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ከባልሽ ጋር ጥላው ሥር ለመቀመጥ ያብቃችሁ። ለሱ-ሜይ፣ ጋንበይ!