የማሽተቻው ክፍል ቁልፍ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን አዳራሽ ላሰናዳችሁልኝ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ ኬክ ለቆረጣችሁ ሁሉ እጅግ አመሰግናለሁ። የበር ጥበቃዎችን ደግሞ ለብቻ ማመስገን አለብኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቦርሳዬን ስትፈትሹ አንድ ቀን እንኳ ሽቶ አግኝታችሁብኝ አታውቁም። አግኝታችሁብኝ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ስንብት ያኔ ይሆን ነበር።

ንግግሬን ጽፌ ነበር የመጣሁት። አንድ ገጽ ተኩል ናት፤ ምስጋና፣ ትንሽ ቀልድ፣ ምርቃት። ነገር ግን ክቡር ሥራ አስኪያጅ ከእኔ በፊት ተነሥተው ምን አሉ? "አፍንጫችንን አንለቃትም፤ ለሦስት ዓመት በአማካሪነት ትቀጥላለች፣ ውሉ ተዘጋጅቷል" አሉ። እናንተ አጨበጨባችሁ። እኔም አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ የኔ እጅ ምን ያድርግ? በራሴ ላይ እንደማጨበጭብ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወረቀቷን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻታለሁ። ሌላ ነገር ልናገር ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

አዲስ የገባችሁ ልጆች፣ "አፍንጫ" የምባለው ለምን እንደሆነ ሳታውቁ አብራችሁ የምትጠሩኝ አላችሁ። ሥራዬ ማሽተት ነው። ብርቱካን ስትልጡ ጣታችሁ ላይ የሚረጭ፣ ዓይን ሲገባ የሚያቃጥል ነገር አለ አይደል? ዘይቱ እሱ ነው። ልጣጩ ላይ የምታዩዋቸው ነጠብጣቦች ሁሉ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። መጭመቂያው ያንን ያወጣል፤ ናሙናው በብልቃጥ ይመጣልኛል፤ ቀጭን ወረቀት ነክሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሸታለሁ። ደህና ከሆነ እፈርማለሁ። ካልሆነ በርሜሉ ይመለሳል። ያለ እኔ ፊርማ አንዲት ጠብታ ከዚህ ግቢ አትወጣም።

መጭመቂያ ባልነበረበት ዘመን ሰዎች ልጣጩን በእጃቸው የባሕር ስፖንጅ ላይ ይጫኑት ነበር አሉ። ስፖንጁ ሲጠግብ ሸክላ ውስጥ ይጨምቁታል። ቀኑን ሙሉ ጨምቀው የሚያገኙት ጥቂት ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩ ሰሞን ይህንን ስሰማ "ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው" ብዬ ነበር። አሁን እነዚያ ሰዎች ቢያንስ ደጅ ተቀምጠው ይሆናል የሠሩት እላለሁ።

ዘይቱን ቤት ውስጥ ለምን እንደምትጠቀሙበትማ ከእናንተ መካከል ያልጠየቀኝ ማን አለ? ሾፌራችን አንድ ቀን መጥቶ "እትዬ፣ የመኪናው መስታወት ላይ ሙጫ ተጣብቆ እምቢ አለኝ" አለኝ። "ሁለት ጠብታ ጨርቅ ላይ አድርግና ትንሽ አቆይተህ ጥረገው" አልኩት። በማግስቱ ፊቱን ጥሎ መጣ። ሙጫው ለቋል፤ ዳሽቦርዱም አብሮ ለቋል።

"ፕላስቲክ እንዳታስነካው አላልኩህም?"

"አላሉኝም።"

እውነቱን ነበር፤ አላልኩትም። ከዚያ በኋላ የተጠየቅኩትንም ያልተጠየቅኩትንም አብሬ መናገር ለመድኩ። ስብ የጋገረበት ምድጃ ላይ ሙጫውን እንዳስለቀቀ ስቡንም ያስለቅቃል፤ እሳት አጠገብ ግን አይሆንም፣ ይቀጣጠላል። ወለል መጥረጊያ ውሃ ውስጥ ከሳሙና ጋር ጥቂት ጠብታ ይበቃል። የደረቀ የእንጨት ጠረጴዛ ከሆነ ከሌላ ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ በስሱ። ከሌላ ዘይት ሳትቀላቅሉ ቆዳችሁን አትቀቡት፤ የሎሚውንማ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያስቃጥላል። ድመት ካለችበት፣ ሕፃን ከሚደርስበት አርቁት። ጠርሙሱን ጥብቅ አድርጋችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። አየርና ሙቀት ካገኘው ያረጃል። ያረጀ ዘይት ቀለም ቀለም ይሸታል፣ እጅ ያሳክካል።

ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ክፍሌን ስንቶቻችሁ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ ናት። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት። መስኮት የላትም። በሩ ዙሪያውን ጎማ አለው፤ ሲዘጋ ጆሮ ጭው ይላል። ይህ ሁሉ የውጭ ሽታ እንዳይገባ ነው። ሽታው ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ዝናብ ዘንቦ ማባራቱን የማውቀው ወደ ቤት ስሄድ ጫማዬ ጭቃ ሲነካ ነበር።

ክፍሏ ደግሞ እስከ ቤቴ ተከትላኝ መጣች። ሽቶ የለም። ጠረን ያለው ሳሙና የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በቤታችን በር አልፈው አያውቁም። ባለቤቴ ያውና፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ እዩት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሽንኩርት ያልቀመሰ ሰው ይህን ይመስላል። ስንጋባ ስለ ብዙ ነገር ተነጋግረን ነበር፤ ስለ ሽንኩርት ግን አልተነጋገርንም። ልጄ ስትዳር "እማዬ፣ በሠርጌ ቀን እንኳ ሽቶ አልቀባም?" አለችኝ። ምን ብመልስላት ጥሩ ነው? "ሰኞ ሥራ አለኝ" አልኳት። እስካሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቄያለሁ። መጋዘንም ቢሆን፣ መዝገብ ቤትም ቢሆን ብዬ። ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ "አንቺ ከሄድሽ ማን ያሸታል?" ሰው ሲወቅስህ ትከራከራለህ፤ ሲያመሰግንህ በምን አፍህ ትከራከራለህ? "አመሰግናለሁ" እያልኩ ተመልሼ እዚያችው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ላስቀምጠው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ከባድ ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ስመለስ የመጀመሪያው ብልቃጥ መጣልኝ። ወረቀቱን ነከርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም። ውሃ የነከርኩ መሰለኝ። ወረቀት ቀየርኩ። ብልቃጡን ራሱን አፍንጫዬ ሥር ደቀንኩት። ምንም። ሐኪሙ "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለኝ። አልተመለሰም።

እርስ በርሳችሁ ተያያችሁ። ልክ ናችሁ።

ለምን አልተናገርሽም ትሉኛላችሁ። በዚያው ሳምንት የድርጅቱ የቀን መቁጠሪያ ታትሞ መጣ፤ ትዝ ይላችኋል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብልቃጥ ሳሸት የተነሣሁት ፎቶ ያለበት። በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀልኩ። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከነገ ወዲያ አልኩ። ሲቆይ ደግሞ የሚያስፈራው አለማሽተቴ ሳይሆን መዋሸቴ ሆነ።

እንዴት ሠራሁ? ሃያ ሦስት ዓመት ያሸተተ ሰው ብዙ ነገር በዓይኑ ያውቃል። ወረቀቱ ላይ ቅባት ክብ ሠርቶ ከቀረ ሌላ ዘይት ነክቶታል ማለት ነው። ቀለሙን አያለሁ፣ በጣቴ መካከል አሸዋለሁ፣ ፍሬው መቼ እንደገባ አራጋፊዎቹን በወሬ በወሬ እጠይቃለሁ። ዓይኔን ግን መጨፈን አልተውኩም። በዚያች ክፍል ውስጥ ማንም በማያየኝ ሰዓት እንኳ እጨፍን ነበር።

ቤቴም ውስጥ ሽንኩርት ክልክል እንደሆነ ቀረ። ብፈቅድ ባለቤቴ "ምን ተገኘ?" ይለኛላ። ስድስት ዓመት በከንቱ ከለከልኩት። እሱም ይህንን የሚሰማው ገና አሁን ከእናንተ ጋር ነው። ይቅር በለኝ፤ እቤት ስንገባ ደግሞ ለብቻህ እለምንሃለሁ።

ይህ እስካሁን ያልኩት የራሴ ጉዳት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሰው ነው።

የሌብል ክፍሏን ሠራተኛ "ውሃ ልክ" የምትሏት ለምንድን ነው? ማስመሪያ ሳትይዝ ጠርሙስ ላይ ሌብል ለጥፋ አንዲት ክር ታህል ዝንፍ ስለማትል ነው። የዛሬ አራት ወር ናሙና ልታደርስልኝ መጥታ ክፍሌ በር ላይ ቆማ ነበር። የዚያን ቀን የመጣው ዘይት ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ግማሹ ባዶ ሆኖ ከቆየ በርሜል የተቀዳ ነው። ይህን በኋላ ነው ያጣራሁት። ለዓይን ጥርት ያለ ነው። ወረቀቱም አላጋለጠውም። ልፈርም ስል "እትዬ፣ ይሄ ዘይት ቀለም ቀለም አይልዎትም?" አለችኝ።

ምን አልኳት? "አንቺ ለጥፊ፤ ማሽተት የኔ ሥራ ነው።" ፈረምኩ።

በአሥረኛው ቀን እህቴ ደወለች። ከዚያው ዘይት አንድ ጠርሙስ ሰጥቻት ነበር። "ያመጣሽልኝ ነገር ቀለም ቤት ቀለም ቤት ይሸታል፤ ቁም ሳጥኑን ጠርጌበት እጄ ቀልቶ ሲያሳክከኝ አደረ" አለች። በማግስቱ ሱቅ የደረሰውም፣ መጋዘን ያለውም ተጠርቶ እንዲመለስ አደረግሁ። ይህንን ማድረጌ ደህና ነው። መመለሻው ቅጽ ላይ ግን "ምክንያት" የሚል መስመር አለ። ዘይቱ አርጅቷል ብዬ ብጽፍ "አንቺ አይደለሽም ወይ አሽትተሽ የፈረምሽው?" ሊመጣ ነው። "ሌብሉ ተጣሞ ስለተለጠፈ" ብዬ ጻፍኩ።

ውሃ ልክ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ክፍሉ በሙሉ እየሰማ ተነበበላት። ልትሾምበት የነበረው የኃላፊነት ቦታም ለሌላ ሰው ሆነ። ወደ እኔ መጥታ "እትዬ፣ እርስዎ አይተውታል፤ እውነት ተጣሞ ነበር?" አለችኝ። ዓይኗን እያየሁ "ትንሽ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሌብል በለጠፈች ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ በማስመሪያ ስትለካ አያታለሁ። ውሃ ልክን ማስመሪያ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

ለሥራ አስኪያጁ የጻፍኩት ይሄ ደብዳቤ ይህንን ሁሉ ይዟል። ቦርሳዬ ውስጥ አራት ወር ሆኖታል፤ ቀኑን አራት ጊዜ ሰርዤ ጽፌዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁና ዛሬም ልናገረው አልነበረም የመጣሁት። ሁላችሁ ከተበተናችሁ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ሹልክ ልል ነበር። ሦስት ዓመት ስትጨምሩብኝ ነው መውጫ ያጣሁት።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ደብዳቤውን እዚሁ በሰው ፊት ይቀበሉኝ። ማስጠንቀቂያው ከግል ማህደሯ ይውጣ፤ ሲወጣም ሲነበብላት የሰሙት ሁሉ ይስሙ። የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። ውሉን ግን አልፈርምም፤ ሊያስቀሩት የፈለጉት አፍንጫ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው።

ይሄ ደግሞ የክፍሉ ቁልፍ ነው። ክፍሉን ለእሷ ስጧት አልልም። ያን ቀን ከበሩ ውጪ ቆማ የሸተታት ሰው እሷ መሆኗን ነው የምነግራችሁ። ጠይቋት። እምቢ ካለች እምቢታዋን ተቀበሉ። እሺ ካለች ሁለተኛ ሰው አብራችሁ መድቡ፤ ይቀያየሩ፤ አንዱ ሲያመው "ዛሬ አይሸተኝም" ማለት ይቻል። ለክፍሏም መስኮት አውጡላት። ሥራ ሲጀመር ይዘጋል፣ ሲያልቅ ይከፈታል። ይህ እስከዛሬ ያልተደረገው ከብዶ አይደለም፤ ስላልጠየቅኩ ነው።

ውሃ ልክ፣ እስኪ ቀና በይልኝ። በጣም አዝነሽብኛል?

ምን አልሽ? አልሰማሁሽም፣ ጠጋ በይ።

"ትንሽ"?

እሺ። ይገባኛል። ያን ቀን ያልኩሽን ቃል አውቀሽ ነው የመለስሽልኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ልመርቃችሁና ልሂድ። ሥራችሁ የሚያስከብራችሁ እንጂ የሚያስራችሁ አይሁን። የማትችሉትን "አልችልም" ስትሉ የሚሰማ አለቃ ይስጣችሁ። አለቆች ደግሞ ከምስጋናችሁ በፊት ጆሯችሁ ይቅደም። ማንም በሌላ ሰው ጥፋት አንገቱን አይድፋ። ልጆቻችሁ በሠርጋቸው ቀን ደስ ያላቸውን ሽቶ ይቀቡ። ጤና፣ እንጀራና ሰላም አይለያችሁ። እኔንም ስታስታውሱ ከነጥፋቴ አስታውሱኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ግን አውርዱልኝ።

አንተ ሰውዬ፣ ተነሣ እንሂድ። መንገድ ላይ ሽንኩርት እንገዛለን። እኔ አይሸተኝም፤ መጥበሻው ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚሸት አንተ ትነግረኛለህ።