ከምንጩ በላይ የተተከለ ባህር ዛፍ

ከሙጃ ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ገበሬና የተጠቀለለ ወረቀት የያዘች ወጣት ተቀምጠዋል። የተዋወቁት እዚያው ነው።

«ይኸ ወረቀት ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የእርሻችን ንድፍ ነው፣ አባቴ። ፐርማካልቸር የሚሉትን፣ ተፈጥሮን ተከትሎ የማረስ ዘዴ ተምሬ መመለሴ ነው።»

«ምን ያስተምሯችኋል?»

«ከመትከል በፊት ማየትን። ዝናቡ በየት ወርዶ የት እንደሚያርፍ። ክረምቱን ሙሉ ጎርፍ ስከተል ሰፈሩ አበደች አለኝ።»

«እኔም ብሆን አበደች እል ነበር።»

ሽማግሌው ቀጠሉ።

«እኔ ሳላይ ተከልኩ። ልጄ ቤት ይሠራበታል ብዬ ከምንጩ በላይ ባህር ዛፍ ደረደርኩ። ዛፉ አደገ፣ ምንጩ ነጠፈ።»

«ልጅዎስ ቤቱን ሠራ?»

«ውሃ በሌለበት ምን ሊሠራ? አዲስ አበባ ገባ።»

«ዛፉን ነቅለው፣ ከላይ እርከን ሠርተው፣ ወይራና ኮሶ ቢተክሉ ሊመለስ ይችላል።»

«ልጄ?»

«ምንጩ፣ አባቴ።»

«በስንት ዓመት?»

«እሱን አላውቅም። ላይመለስም ይችላል።»

«እንግዲያው ቦታውን ሳዪልኝ።»

«መጀመሪያ የምንስለው አሁን ያለውን ነው።»

«ያለውንማ ሁልጊዜ አየዋለሁ። የነበረውን ሳዪልኝ። ወይራው እዚህ ጋ፣ ውሃው ከሥሩ። ልጄ ሲመጣ ከየት እንደሚጀምር ይወቅ።»

«መኪናው ይንጣል፣ መስመሩ ይጣመምብኛል።»

«ግድ የለም። ውሃውም ቀጥ ብሎ አይወርድም ነበር።»

እርሳሷ ወረቀቱ ላይ መንቀሳቀስ ስትጀምር መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ» አላልኩም።